በዓላችንና የሒሳብ ደብተራችን

(በማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ፣ አሶሳ፣ እሑድ የካቲት 29 ቀን 2018 ዓ.ም. በማኅበሩ ሒሳብ ያዥ የቀረበ ንግግር)

 

ዛሬ ቡና እንዳልተፈላ ሁላችሁም አይታችኋል። ሰብሳቢያችን ረስታው አይደለም። ዘንድሮ ዐቢይ ጾም የካቲት 9 ገባ፤ ረመዳንም በዚያው ሳምንት ጀመረ። ከመካከላችን ገሚሱ እስከ መግሪብ እህል ውኃ አይቀምስም። ስለዚህ ጀበናዋ መደርደሪያ ላይ ናት። እኔ ሒሳብ ያዥ ስለሆንኩ መጀመሪያ የታየኝ የቡናና የስኳር ወጪ መቅረቱ ነው። አትፍረዱብኝ፣ የሥራ አባዜ ነው።

የተሰጠኝ ርእስ «ማርች 8 እና የሴቶች ቁጠባ» የሚል ነበር። ማርች 8 በየዓመቱ ይታሰባል፤ ቲሸርት ይለበሳል፣ ኬክ ይቆረሳል። የሕዝብ በዓል ግን አይደለም፤ መሥሪያ ቤት አይዘጋም። ዘንድሮ እሑድ ስለዋለ ነው ሁላችንም የተገኘነው። እኔ ዛሬ መናገር የፈለግሁት መሥሪያ ቤት ስለሚዘጋባቸው፣ ካላንደር ላይ በቀይ ስለሚጻፉት በዓላት ነው። ምክንያቱን ከመነሻዬ ልንገራችሁ። በበዓል ምክንያት አንዲት አባል አጥተናል፤ ያጣናቸውም በእኔ ብዕር ነው።

የ2016ቱን ሰኔ አስታውሱ። የዚያ ዓመት አረፋ ሰኔ 9 ዋለ፤ ቀኑ እሑድ ነበር። እኛ የምንሰበሰበው እሑድ እሑድ ነው። መተዳደሪያ ደንባችን «በበዓል ቀን ስብሰባ ይቀራል፣ መዋጮውም በሚቀጥለው ሳምንት ያለ መቀጫ ይከፈላል» ይላል። ከዚያ በቅንፍ በዓላቱን ይዘረዝራል፦ አዲስ ዓመት፣ መስቀል፣ ገና፣ ጥምቀት፣ ፋሲካ። አለቀ። ደንቡን ከሌላ ከተማ ማኅበር ነው የገለበጥነው። ስሙን ለወጥን፣ የመዋጮውን ልክ ለወጥን፣ ቅንፉን ግን ማንም ሳይነካው ጸደቀ። ስናጸድቅ ሁላችንም ነበርን፤ እጅ አውጥተናል።

ያን እሑድ ከሰዓት በኋላ ጥቂቶቻችን ተሰበሰብን። ከሙስሊም አባሎቻችን ገሚሶቹ መዋጯቸውን ቅዳሜ አምጥተው ነበር፤ አንዳንዶቹም በልጅ ላኩ። ሦስቱ አልላኩም። እኔም በስማቸው ትይዩ «አልተከፈለም» ብዬ በቀይ ጻፍኩ፤ በደንቡ መሠረት እያንዳንዳቸው ላይ 10 ብር መቀጫ ያዝኩ።

ሁለቱ በሳምንቱ እየሳቁ ከፈሉ። «ይቺ ልጅ አረፋን አታውቅም» ብለው ቀለዱብኝ። ሦስተኛዋ በዕድሜ የእናቴ እኩያ ናቸው። 10 ብራቸውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡና «ልጄ፣ ደረሰኝ ቁረጪልኝ» አሉኝ። ቆረጥኩላቸው። በጳጉሜን መጡና ቁጠባቸውን ጠየቁ፤ ቆጥሬ ሰጠኋቸው። መሰናበቻ ቅጹ ላይ «ምክንያት» የሚል ቦታ አለ። እሳቸው ምንም ስላላሉ እኔ «የግል ጉዳይ» ብዬ ሞላሁበት።

ባለፈው ጥር ገበያ ውስጥ አገኘኋቸው፤ የደረቀ ባሚያ ዘርግተው ይሸጣሉ። ሰላም ተባባልን፣ ስለ ልጆቼ ጠየቁኝ። ልሄድ ስል ከመቀነታቸው አንድ የታጠፈ ወረቀት አወጡ። ያ ደረሰኝ ነው። አንድ ዓመት ከመንፈቅ ይዘውታል። «ብሩ አይደለም ልጄ» አሉኝ። «ስድስት ዓመት ፋሲካ ሲመጣ ስብሰባ ቀረ ስትሉ፣ ደግ ነው ብዬ እቤቴ ዋልኩ። እዚህ ላይ የጻፍሽውን እስቲ አንብቢው።» አነበብኩት። በገዛ ጽሕፈቴ «ያለ በቂ ምክንያት በመቅረት» ይላል።

ከዚያ ቀን ወዲህ ነው ይህን ነገር ሳሰላስል የከረምኩት። ለሰብሳቢያችን ስነግራት ርእሴን እንድቀይር ፈቀደችልኝ።

ደንቡን ያረቀቅነው ሰዎች በጊዜው መልስ ነበረን። «የእስልምና በዓላት ቀናቸው አስቀድሞ ስለማይታወቅ ነው» እንል ነበር። ከባዮቹ አንዷ እኔ ነኝ። ኋላ ቁጭ ብዬ ሳስበው አፈርኩ። ፋሲካስ ቢሆን ቀኑ መች ይረጋል? በባሕረ ሐሳብ ተሰልቶ ነው የሚገኘው። ቢፈጥን መጋቢት 26፣ ቢዘገይ ሚያዝያ 30 ይውላል፤ በ35 ቀን ውስጥ ይመላለሳል ማለት ነው። ዘንድሮ ሚያዝያ 4 ነው። ገና እንኳ ሦስቱን ዓመት ታኅሣሥ 29 ሆኖ በዘመነ ዮሐንስ 28 ይሆናል። ቀኑ እየተንቀሳቀሰ ፋሲካ በስሙ ደንባችን ውስጥ ከገባ፣ አረፋ በስሙ የማይገባበት አንድም የሒሳብ ምክንያት የለም።

የእስልምናው አቆጣጠርም ለሚፈልገው ሰው የተሰወረ አይደለም። ዓመቱ በጨረቃ ስለሚቆጠር 354 ወይም 355 ቀን ነው፤ ከእኛው ዓመት በ11 ቀን ገደማ ያጥራል። ስለዚህ ኢድም፣ አረፋም፣ መውሊድም በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ቀደም እያሉ ይመጣሉ፤ በ33 ዓመት ገደማ ዓመቱን ዞረው ወደ ቦታቸው ይመለሳሉ። ጨረቃዋ በአንድ ቀን ወዲያ ወዲህ ልታደርገው ትችላለች፤ ለእኛ ዕቅድ ግን ይህ ይበቃል። ዘንድሮ ኢድ አል ፈጥር መጋቢት 11 ወይም 12 ይሆናል፤ አረፋ ግንቦት 19 ገደማ፣ መውሊድ ደግሞ ነሐሴ 19 ወይም 20።

ይህን ባለማስላታችን የደረሰብንን ከደብተራችን ላይ ላንብብላችሁ። ሚያዝያ 2014ን ያዙ። ስቅለት 14 ዋለ፣ ፋሲካ 16፣ የሠራተኞች ቀን 23፣ ኢድ አል ፈጥር 24፣ የአርበኞች ቀን 27። በአንድ ወር አምስት በዓል! የቀን ሥራ የሚሠሩ አባሎቻችን በዚያ ወር ስንት ቀን እንደሠሩ እናንተው ቁጠሩት። በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ ፋሲካ ሚያዝያ 8፣ ኢድ ሚያዝያ 13 ሆነ፤ በመካከላቸው አምስት ቀን ብቻ። እነዚያን ሁለት ሚያዝያዎች በገለጥኩ ቁጥር ገጹ በቀይ ተሞልቷል። ያኔ እኔ «አባሎቻችን ተዘናጉ» ብዬ ነበር ለኮሚቴው ሪፖርት ያቀረብኩት። የተዘናጋሁት እኔ ነኝ።

2017 ደግሞ ሌላ ጉድ ነበረው። መውሊድ በመስከረም የመጀመሪያ ሳምንት ተከበረና፣ ዓመቱ ሳያልቅ በነሐሴ መጨረሻ እንደገና መጣ። በአንድ የእኛ ዓመት ሁለት መውሊድ። ለአንድ መውሊድ ብቻ ያስቀመጠች እናት ጳጉሜን ላይ ባዶ እጇን ቀረች ማለት ነው፤ ልጆቿ ደግሞ በዚያው ሰሞን ደብተርና ዩኒፎርም ይፈልጋሉ።

ወደፊት የሚመጣውንም ልንገራችሁ። በ2024 ዓ.ም. ኢድ አል ፈጥር ጥር 5 ገደማ ይውላል። ከዘንድሮው መጋቢት 11 ተነሥታችሁ በየዓመቱ 11 ቀን ብትቀንሱ፣ በስድስት ዓመት 66 ቀን ነው፤ ጥር 5 ትደርሳላችሁ። ያ ዓመት ዘመነ ዮሐንስ ስለሆነ ገና ታኅሣሥ 28 ነው፤ ጥምቀት እንደተለመደው ጥር 11። በሁለት ሳምንት ውስጥ ሦስት በዓል። ይህን ዛሬ ማወቅ ጥንቆላ አይደለም፣ መቀነስ ነው።

የእኛ ቅንፍ አዲስ ነገር አለመሆኑንም ላንሣ። በንጉሡ ዘመን የአገሪቱም ካላንደር እንደ ደንባችን ነበር። የክርስትናው በዓላት ሲዘጉ የእስልምናው አይዘጉም ነበር፤ ሙስሊሙ ሠራተኛ ኢድን ማክበር ከፈለገ አለቃውን ማስፈቀድ ነበረበት። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 አዲስ አበባ ውስጥ እጅግ ብዙ ሕዝብ ሰልፍ ወጣ፤ ሙስሊሞችና አብረዋቸው የቆሙ ክርስቲያኖች ነበሩበት። ካቀረቧቸው ጥያቄዎች አንዱ በዓላችን የአገር በዓል ይሁን የሚል ነው። ንጉሡ ከወረዱ በኋላ በ1967 ኢድ አል ፈጥር፣ አረፋና መውሊድ የሕዝብ በዓል ሆኑ። እኛ ደንባችንን ያጸደቅነው ከዚያ አርባ ዓመት ካለፈ በኋላ መሆኑን ልብ በሉ።

የካላንደሩ ቀይ ቀለም ከሰማይ አልወረደም ለማለት ነው። ሰው ይጽፈዋል፣ ሰው ይሰርዘዋል። በደርግ ጊዜ መስከረም 2 የአብዮት በዓል ነበር፤ እናቶቻችን በሰልፍ የዋሉበትን ያስታውሳሉ። የድል በዓል ያኔ መጋቢት 28 ነበር፤ ኋላ ወደ ሚያዝያ 27 ተመለሰ። ሚያዝያ 27 ጣሊያን በ1928 አዲስ አበባ የገባበት፣ ንጉሡም በ1933 ድል አድርገው የተመለሱበት ቀን ነው፤ ያው ቀን ለኀዘንም ለደስታም ሆነ። መስከረም 2 ሄደ፣ ግንቦት 20 መጣ፣ እሱም ዛሬ እንደ ቀድሞው አይከበርም። ዛሬ መሥሪያ ቤት የሚዘጋባቸውን ስቆጥር አሥራ ሁለት አገኛለሁ፤ አምስት የክርስትና፣ ሦስት የእስልምና፣ የቀሩት አራቱ ደግሞ የሁላችንም የሆኑት አዲስ ዓመት፣ ዓድዋ፣ የሠራተኞች ቀንና የአርበኞች ቀን። አገር ካላንደሩን ከቀየረ የእኛ ማኅበር አንድ ቅንፍ መቀየር አያቅተውም።

አሁን ወደ ገንዘቡ ልግባ፤ ሥራዬ እሱ ነው።

አንዲት አባላችን ሆቴል ውስጥ ምግብ ታበስላለች። በፋሲካ ቀን ከንጋት እስከ ማታ ሠርታ አሠሪዋ አንድ ኪሎ ሥጋ ሰጥቶ «እንኳን አደረሰሽ» ብሎ ሸኛት። እሷም ደስ ብሏት ነው የነገረችኝ። እኔ ግን ወረቀት አውጥቼ አሰላሁላት። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሚለው ይህን ነው። በወር ደመወዝ የምትቀጠር ሠራተኛ በሕዝብ በዓል ቀን ስላልሠራች ደመወዟ አይቀነስም። በበዓል ቀን ከሠራች ለእያንዳንዱ ሰዓት የመደበኛ ሰዓት ክፍያዋ በሁለት ይባዛል። ከመደበኛው ሰዓት በላይ ከቆየች ደግሞ የትርፍ ሰዓቱ ክፍያ በሁለት ተኩል ይባዛል።

በቁጥር እናድርገው። የወር ደመወዟ 4,160 ብር ነው እንበል። በሳምንት 48 ሰዓት የምትሠራ ሠራተኛ በወር በአማካይ 208 ሰዓት ትሠራለች፤ ስለዚህ የሰዓቱ 20 ብር ነው። በበዓል ቀን ስምንት ሰዓት ከሠራች 8 ጊዜ 40፣ 320 ብር። ሁለት ሰዓት ትርፍ ከቆየች እያንዳንዱ 50 ብር፣ 100 ብር ይጨመራል። የቀኑ ክፍያዋ 420 ብር ነው። ሥጋው ስጦታ ከሆነ ይመስገን፤ ክፍያ ከሆነ ግን ይቀራል። አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር፦ ሁለት በዓል በአንድ ቀን ቢገጥም ወይም በዓሉ የሳምንት ዕረፍት ቀን ላይ ቢውል የሚከፈለው የአንዱ ብቻ ነው። ፋሲካ ምንጊዜም እሑድ ስለሆነ አሠሪዎች የሚወዱት በዓል ሳይሆን አይቀርም።

በዚህ ሕግ የማይሸፈኑትንም መርሳት የለብንም። በቀን የሚከፈላት ሴት በበዓል ቀን ካልሠራች ምን እንደምታገኝ የሚወስነው የሥራ ውሏ ወይም የኅብረት ስምምነቱ ነው፤ ውሏ ደግሞ ብዙ ጊዜ የአፍ ነው። የቤት ሠራተኞችም በዚህ አዋጅ ውስጥ የሉም። እዚህ ከተቀመጥነው መካከል በሰው ቤት የሚሠሩ አሉ፤ ሠራተኛ የቀጠርንም አለን፤ እኔ አንዷ ነኝ። በዶሮው፣ በሽንኩርቱ፣ በዳቦው፣ በዕቃ አጠባው ዋዜማውንም በዓሉንም የምትደክመው እሷ ናት። አዋጁ ባያስገድደንም ካልኩሌተሩ የእኛም ነው። እኔ ከባለፈው ገና ጀምሬ የበዓል ቀኗን እጥፍ መክፈል ጀምሬአለሁ። ባለቤቴ መጀመሪያ አጉረመረመ፤ ዝግጅቱን ከእሱ ጋር ለማድረግ ሐሳብ ሳቀርብለት ተስማማ።

የብድሩ ነገር ደግሞ የባሰ የተሳሳትኩበት ነው። ለብዙ ጊዜ ከበዓል በፊት የሚመጣውን የብድር ጥያቄ ሁሉ በአንድ ዓይን ነበር የማየው፤ «የሚበላ ብድር» እያልኩ። ለበሬ ቅርጫ፣ ለዶሮ፣ ለልጆች ልብስ የተወሰደ ብድር ከበዓሉ ማግስት ዱካው አይገኝም፤ መክፈያው ግን ይቀራል። ማኅበሩ ሲከለክላት ደግሞ አራጣ አበዳሪ ዘንድ የሄደች አለች፤ ለሁለት ቀን ደስታ ሙሉ ክረምቱን ስትከፍል የከረመች። ስለዚህ ከበዓል በፊት ባለው አንድ ወር ብድር ይቁም የሚል ሐሳብ ለኮሚቴ አቅርቤ ነበር።

ያን ቀን አንዲት እንቁላልና ቅቤ የምትነግድ አባላችን ተነሥታ «አንቺ በዓልን ከገዢ ወንበር ላይ ሆነሽ ነው የምታዪው» አለችኝ። ለእሷ በዓል ወጪ አይደለም፣ ገቢ ነው። በተራው ሳምንት የምትሸጠውን እጥፍ በዋዜማው ሳምንት ትሸጣለች። ግን ዕቃውን ርካሽ በሆነበት ጊዜ፣ ጾሙ ሳይጋመስ መሰብሰብ አለባት። ብድሩ ከበዓሉ በፊት ባለው ወር ከተዘጋ ለእሷ ገበያዋ ተዘጋ ማለት ነው። እውነቷን ነው። በርበሬና ቅመም የሚያዘጋጁት፣ እንጀራ የሚጋግሩት፣ ቴምርና ሳምቡሳ ለኢፍጣር የሚሸጡት፣ ለኢድ የልጆች ልብስ የሚሰፉት ሁሉ እንዲሁ ናቸው። ያው ብድር፣ ያው ቀን፣ ያው ልክ፤ የአንዷ ይበላል፣ የሌላዋ ይወልዳል። ሐሳቤን አንሥቻለሁ። አሁን ቅጹ ላይ «የምን በዓል?» ሳይሆን «ለመሸጥ ወይስ ለቤት?» ብለን እንጠይቃለን። ለንግዱ የሚሆነው ከበዓሉ ስድስት ሳምንት አስቀድሞ ቢሰጥ ነው የሚጠቅመው፤ ለዘንድሮው ኢድ ጊዜው አልፎናል፣ ለአረፋ ግን ገና ነው።

ለቤት የሚሆነውስ? እዚህ ላይ የአሶሳን ነገር መናገር አለብኝ። ሌላ ቦታ ያለ የቁጠባ መመሪያ አንድ ቤት የራሱን በዓል ብቻ እንደሚያከብር አድርጎ ነው የሚያሰላው። እኛ ጋ እንዲያ አይደለም። ወላጆቼ በ1977ቱ ድርቅ ከወሎ በሰፈራ የመጡ ናቸው። እናቴ ቤት ሁለት ድስት አለ፤ አንዱን «የጎረቤት ድስት» ትለዋለች። ፋሲካ ሲደርስ አንድ ዶሮ ለብቻው ይገዛል፤ የጎረቤታችን ልጅ መጥቶ «ቢስሚላህ» ብሎ ያርደዋል፤ በዚያ ድስት ለብቻው ይሠራል። አረፋ ሲሆን ደግሞ የበርታ ጎረቤቶቻችን የማሽላ ገንፎና የባሚያ ወጥ ይልኩልናል፤ ሥጋ የሌለበት፣ ለእኛ ተብሎ ለብቻው የተሠራ። ይህን ማንም በደንብ አልጻፈውም። ወጪው ግን እውነተኛ ወጪ ነው። የአሶሳ ሴት በዓመት የምታወጣው ለአምስት በዓል ወይም ለሦስት በዓል አይደለም፣ ለስምንት ነው። «ቁጠባ ለማሳደግ የበዓል ወጪ ቀንሱ» የሚሉን አሠልጣኞች ሲመጡ የትኛው ድስት ይቀነስ እንደሚሉን አላውቅም። እኔ ማንኛውንም ቀንሱ አልልም።

የምለው አስቀድመን እናስቀምጥ ነው። በዓመት ለበዓል 10,400 ብር የምታወጣ ቤት በሳምንት 200 ብር ብታስቀምጥ ይደርስላታል፤ 5,200 የምታወጣ ደግሞ 100 ብር። ከመደበኛው ቁጠባ ጋር ሳይቀላቀል በተለየ ደብተር ይያዝ። ከማኅበሩ ብድር የማይሰጥበት፣ ባለቤቷ ካስመዘገበችው በዓል ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ የሚወጣ ገንዘብ ይሁን። ሁለት ሳምንት ያልኩት በዋዜማ ሽንኩርት የሚዘለውን ዝላይ ሁላችሁም ስለምታውቁት ነው። አሥር ሆነን ዘይትና ሽንኩርት አብረን ብንገዛ ደግሞ ከዚያም ይሻላል፤ ቅርጫ ለሥጋ ከሠራ ለሽንኩርት የማይሠራበት ምክንያት የለም።

ወደ ቅንፉ ልመለስና ላብቃ። በመጀመሪያ ያሰብኩት ሦስቱን የእስልምና በዓላት ቅንፉ ውስጥ ለመጨመር ነበር። ለኮሚቴ ሳቀርበው ከቡለን የመጣችው አባላችን ፈገግ ብላ «ጋሪ ዎሮስ?» አለችኝ። ጋሪ ዎሮ የሺናሻ የዘመን መለወጫ ነው፤ በመስከረም ይከበራል። ካላንደር ላይ ቀይ የለውም፣ መሥሪያ ቤትም አይዘጋም፤ ለእሷ ግን ከዓመቱ ሁሉ ትልቁ ቀን ነው። ጴንጤዎቹ አባሎቻችን ደግሞ ገናንና ፋሲካን ያከብራሉ፣ መስቀልን አያከብሩም፤ እነሱ መስቀል ላይ ስብሰባ ለምን ይቀርባቸዋል? ቅንፉን ባሰፋሁት ቁጥር አንዷን ከውጭ እያስቀረ አስቸገረኝ።

ስለዚህ የኮሚቴው ሐሳብ ቅንፉ እንዲወጣ ነው። እያንዳንዷ አባል በየዓመቱ መስከረም ላይ የምታከብራቸውን በዓላት፣ እስከ ስምንት ድረስ፣ በራሷ የቁጠባ ደብተር ሽፋን ላይ ታስመዘግባለች። በእነዚያ ቀናት ብትቀር መቀጫ የለባትም፣ ምክንያትም አትጠየቅም። «ሰው መዋጮ ለመሸሽ የሌለውን በዓል ይፈጥራል» ብላ የሠጋች አለች። ይፍጠር። ስምንት ቀን ነው፣ መዋጮውም በሳምንቱ ይከፈላል፤ በሒሳቡ በኩል ማኅበሩ የሚያጣው አንዲት ሳንቲም የለም። አስልቼዋለሁ። ዘንድሮ መስከረም ስላለፈ ምዝገባው ዛሬውኑ ይጀመራል፤ ኢድ ሁለት ሳምንት አልቀረውም።

ሁለተኛው ለድምፅ የሚቀርበው በሰኔ 2016 ከሦስቱ አባላት የተያዘው 30 ብር ከመቀጫ ሒሳብ ወጥቶ እንዲመለስ ነው። ከኪሴ ከፍዬ መዝጋት እችል ነበር፤ ግን ስሕተቱ በማኅበሩ ደብተር ስለተጻፈ የሚታረመውም በማኅበሩ ደብተር መሆን አለበት። ቃለ ጉባኤው ላይ «ያለ በቂ ምክንያት» የሚለው ቃል ተሰርዞ «በአረፋ በዓል ምክንያት» ተብሎ እንዲታረም ጽፌአለሁ። ከጸደቀ ማስታወሻውን ከ10 ብሩ ጋር ይዤ ገበያ እሄዳለሁ። ወደ ማኅበሩ ይመለሱ እንደሆነ አልጠይቃቸውም፤ ያ የእሳቸው ጉዳይ ነው። አሁን በሰፈራቸው ዕቁብ ሰብሳቢ ሆነዋል፤ ያለ ደረሰኝ ነው የሚሠሩት ይላሉ፣ አንድም ቀን ጎድሎባቸው አያውቅም።

ምዝገባው በቀኝ በኩል ባለው ጠረጴዛ ነው፤ የማትጽፉ እናቶች በዓላችሁን ንገሩኝ፣ እኔ እጽፋለሁ። መግሪብ አንድ ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ስለሆነ፣ መንገድ ያለባቸው ጿሚዎች ቀድመው ይመዝገቡ።